የጋሽ ጆሮ አሥረኛ ዓመት

የእህቴ ባል የቴኒስ ራኬት ክር ወጣሪ ነው። እኔ እዚያው ክለብ ሜዳ ጠባቂ ነኝ፤ ጠዋት ጠዋት ቀዩን የሸክላ አፈር ውሃ አጠጣለሁ፣ እጠርጋለሁ፣ መስመሩን በኖራ አሰምራለሁ። የእሱ ክፍል ከመልበሻ ቤቱ ጎን ያለችው ጠባብ ክፍል ናት፤ አንድ የመወጠሪያ ማሽን፣ አንድ ወንበር፣ ግድግዳው ላይ ተራቸውን የሚጠብቁ የሰው ራኬቶች። እዚያች ክፍል ውስጥ ሃያ ሁለት ዓመት ተቀምጧል።

የክለቡ ሰው ጋሽ ጆሮ ይለዋል። ስሙን ያወጣለት ሥራው ነው። ራኬት ሲቀበል ክሩን በአውራ ጣቱ መታ መታ አድርጎ ያዳምጥና "ሁለት ኪሎ ላልቷል" ይላል። በማሽኑ ሲለካም ሁለት ኪሎ ሆኖ ይገኛል። ሦስተኛው ሜዳ ላይ ክር ሲበጠስ ክፍሉ ውስጥ ሆኖ ይሰማል፤ ባለ ራኬቱ እስኪደርስ ወንበሩን አመቻችቶ ይጠብቀዋል።

ይጫወታልም። ልምምድ ላይ ያየው እንግዳ አሠልጣኙ ይመስለዋል። ውድድር ሲሆን ግን ሌላ ሰው ይሆናል። ክለቡ ለአባላትና ለሠራተኞች በየዓመቱ በሚያዘጋጀው ውድድር ላይ ዘጠኝ ዓመት ተመዝግቦ ዘጠኙንም ዓመት በመጀመሪያው ዙር ተሰናብቷል። ሰው ነግሮኝ አይደለም የማወራው፤ ሁለቴ በጥንድ ጨዋታ ከእሱ ጋር ተጣምሬ ተሸንፌያለሁ።

ችግሩ ምን መሰላችሁ፣ የሚገጥሙት ሰዎች ራኬት ሁሉ በእሱ እጅ የተወጠረ ነው። ሌላው ተጫዋች ኳሷን ሲያይ እሱ የተጋጣሚውን ክር ያዳምጣል። ድምፁ ትንሽ ከታፈነ "አላልቼበት ይሆን?" ብሎ ይጨነቃል። ጥርት ካለለት ደግሞ "እጄ ይባረክ" ብሎ በገዛ ሥራው ይደሰታል። በዚህ መሃል ኳሷ በአጠገቡ ታልፋለች። የራሱን ራኬት ደግሞ የሚወጥረው ከሰው በተረፈ ቁርጥራጭ ነው። ለራስ ሲቆርሱ አያሳንሱ የሚባለውን አልሰማም፤ ጆሮው ለክር ብቻ ነው።

ዘንድሮ እራት ላይ ሆነን እህቴን እንዲህ አላት፦

"ይሄ አሥረኛዬ ነው። አንዲት ዙር ካላለፍኩ ከእንግዲህ ስሜን አላስመዘግብም። ሰው ሲስቅብኝ ችዬው ነበር። አሁን አሁን ያዝንልኝ ጀመር፤ እሱን አልችለውም።"

"ታዲያ ዓይንህን በጨው ታጠብና ተጫወት" አለችው። ቀልድ አስመስላ ተናገረችው እንጂ ፊቷ ላይ ቀልድ አልነበረም። ያ ሰው ያለ ቴኒስ ምን እንደሚሆን ሁለታችንም እናውቃለን።

እህቴ የክትባት ክፍል ነርስ ናት። ከውድድሩ ሁለት ወር በፊት መነጽሯን ቤት ረስታ ጋሽ ጆሮ ሊያደርስላት ሄደ። ወረፋው ረጅም ስለነበር አግዳሚ ወንበር ላይ ቁጭ ብሎ በተከፈተው በር ያያት ጀመር። አንድ የሦስት ዓመት ጎረምሳ እጇን ነከሳት፣ ሆዷን በርግጫ አላት፤ እናቱም በተራዋ "ቀስ አትይም?" ብላ ተቆጥታ ይዛው ወጣች። እህቴ እጇን ታጠበች፣ በፎጣ አደረቀች፣ እስከ በሩ ሄዳ "ቀጣይ" አለች። ድምፅዋ ንክሻ የደረሰበት ሰው ድምፅ አልነበረም።

ሰው ቀለል ሲል ገብቶ ጠየቃት።

"ያንን የነከሰሽን ልጅ እንዴት እንዲህ ቶሎ ረሳሽው?"

"ማን ረሳው? እጄን ያመኛል። ግን እሱ ሄዷል። በሩ ላይ የቆመችው ሕፃን ምን አጠፋች? በእሱ ቂም እሷን ልውጋት?"

ጋሽ ጆሮ መነጽሯን ከኪሱ እያወጣ "ኳስም እኮ እንደዚሁ ናት" አለ።

"ስለ ኳስ አላውቅም፤ መነጽሬን ስጠኝ" አለችው።

ከማግስቱ ጀምሮ አባላቱ ከመምጣታቸው በፊት ልምምድ ያዝን። እኔ ተጋጣሚ፣ እህቴ ሥራ እስክትገባ አጥሩ ጋ ቆማ ተቆጣጣሪ። ሕጉን ያወጣችው እሷ ናት። አንድ ነጥብ ባለቀ ቁጥር፣ አሸነፈም ተሸነፈም፣ ጀርባውን ለመረቡ ሰጥቶ እስከ አጥሩ ይሄዳል፣ እዚያ በተሰቀለው ፎጣ እጁን ይጠርጋል፣ "ቀጣይ" ብሎ ይመለሳል። እኔ ደግሞ የራሴን ተንኮል ጨመርኩበት። ክሩ የላላ፣ ኳስ ሲነካው እንደ ተሰነጠቀ ሳፋ የሚጮህ አሮጌ ራኬት ከመጋዘን አወጣሁ። የመጀመሪያው ቀን ሦስት ኳስ እንኳ በተከታታይ መመለስ አቃተው።

"ያንን ነገር አምጣው፣ ልወጥርልህ" አለኝ በጨዋታው መሃል።

"አይወጠርም፣ ጋሼ።"

"በዚህ ይጫወታል ሰው? አንተ ልጅ፣ ነውር አይደለም?"

"ቀጣይ" አለች እህቴ ከአጥሩ።

ሦስት ሳምንት እንዲህ ከሳፋው ጋር ስንጨቃጨቅ ከረምን። ቃሏ ግን ቤት ድረስ ተከትላው መጣች። ሻይ ሲደፋበት "ቀጣይ" ይላል። አንድ ነዝናዛ ደንበኛ ንግግሩን ሳይጨርስ "ቀጣይ" ብሎት ሰውየው ተቀይሞ ሄደ። በአምስተኛው ሳምንት ሳፋው እየጮኸ አሥራ አንድ ኳስ መለሰ። እህቴ አላመሰገነችውም፤ ማታ ላይ ግን አዲስ ፎጣ ገዝታለት መጣች።

ዕጣ ሲወጣ ከክለቡ አባላት አንድ ፋርማሲስት ደረሰው፤ ያለፈው ዓመት ለግማሽ ፍጻሜ የደረሰው ሰው። ይባስ ብሎ በዋዜማው ራኬቱን ሊያስወጥር ወደዚያች ጠባብ ክፍል መጣ። ሰውየው ሲወጣ እኔ በር ላይ ቆሜ ነበር።

"ትንሽ ብታላላለት ማን ያውቃል?" አልኩት እየቀለድኩ።

"ጆሮዬ ያውቃል" አለኝ። ለራሱ ራኬት ከሚሰጠው ጊዜ እጥፉን ወስዶ ወጠረለት።

በማግስቱ፣ ሁለቱን ያሸነፈ ከሚያልፍባቸው ሦስት የጨዋታ ክፍሎች የመጀመሪያውን ስድስት ለሁለት ተሸነፈ። አጥሩ ጋ መሄዱን ሄዷል፣ "ቀጣይ"ም ብሏል፤ ግን ከአንገት በላይ ነው። ጆሮው ከመረቡ ማዶ ነበር። ወንበሬ ላይ መቀመጥ አቅቶኝ ተነሣሁ።

ቦታ ሲለዋወጡ መረቡ ጥግ ላይ ተገናኙ። ጋሽ ጆሮ ቆም አለ። የፋርማሲስቱን ራኬት አይቶ አፉን ከፈተ። ምን ሊል እንደሆነ አውቀነዋል፤ "ክሩ ተስማማዎት?" ሊል ነው። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ የተሸነፈው ይህንን እየጠየቀ ነው። ከጎኔ ያለችው እህቴ ክንዴን ጨምድዳ ያዘችኝ።

አፉን መልሶ ገጠመ። ጀርባውን ሰጥቶ እስከ አጥሩ ሄደ፣ እጁን ጠረገ፣ "ቀጣይ" አለ። ይሄኛው ከሆዱ ነበር።

ከዚያ በኋላ ያየሁት ሰው ያ ጠዋት ጠዋት እኔና እህቴ ብቻ የምናውቀው ሰው ነው። ሁለተኛውን ክፍል ስድስት ለአራት ወሰደ። ሦስተኛው ላይ አምስት ለአራት መርቶ ለማሸነፍ አንድ ነጥብ ሲቀረው ኳሷን መረብ ላይ ጣላት። እንደገና አንድ ነጥብ ቀረው፤ እሷንም ወደ ውጭ ላካት። የድሮው ቢሆን እዚያው ያበቃለት ነበር። ሁለቴም አጥሩ ጋ ደርሶ መጣ።

ለሦስተኛ ጊዜ አንድ ነጥብ ሲቀረው ከሃያ በላይ ኳስ ተመላለሱ። ፋርማሲስቱ ወደ ግራ ጥግ ሰደደበት፤ ጋሽ ጆሮ በሃምሳ ሦስት ዓመቱ ሮጦ ደረሰና በጀርባ እጅ ምት ላጋት። ኳሷ ጠዋት ያሰመርኩት ኖራ ላይ አርፋ ነጭ ብናኝ አስነሣች። በዚያው ቅጽበት "ጧ" የሚል ድምፅ ተሰማ፤ የእሱ የራሱ ክር፣ ያ ከቁርጥራጭ የተወጠረው፣ መሃል ለመሃል ተበጠሰ። ሦስተኛው ሜዳ ላይ የሚጫወቱት ሳይቀሩ ጨዋታቸውን አቁመው ዞሩ።

ሰው ሁሉ ያጨበጭባል። ጋሽ ጆሮ ጀርባውን ሰጠን፣ እስከ አጥሩ ሄደ፣ እጁን ጠረገ፣ "ቀጣይ" አለ፣ ተመልሶም ከኪሱ ኳስ አወጣ። ፋርማሲስቱ መረቡ ጋ እጁን ለሰላምታ ዘርግቶ እየሳቀ ቆሟል።

"ቀጣይ የለም" አለችው እህቴ። ትስቃለች፣ ታለቅሳለች። "አለቀ እኮ። አሸንፈሃል።"

ፋርማሲስቱን አየ፣ እሷን አየ፣ ከዚያ እጁ ላይ ያለውን ራኬት ቀና አድርጎ አየው።

"ይሄ ደግሞ መቼ ተበጠሰ?" አለ።

በሃያ ሁለት ዓመት ውስጥ ክለቡ ግቢ ተበጥሶ እሱ ያልሰማው ክር ያ ብቻ ነው።