የጋሽ ገበያው ኩርፊያ

ካዛንቺስ ውስጥ ጎማ የተነፈሰበት ሰው «ገበያው ጋ ውሰደው» ሲባል ነው የኖረው። ጋሽ ገበያው ከልጅነታቸው ጀምሮ ጎሚስታ ናቸው፤ መጀመሪያ ቡልጋሪያ በሚባለው ሰፈር በሰው ጋራዥ ተቀጥረው፣ ኋላ ደግሞ ከቤታቸው አጥር ጋር ባጣበቋት የራሳቸው ቆርቆሮ ቤት። ደረተ ሰፊ፣ ድምፀ ጎርናና፣ ነገር ቶሎ የሚከነክናቸው ሰው ናቸው። የተበሳ ጎማ ውሃ ውስጥ ነክረው አረፋው ቡልቅ ቡልቅ የሚልበትን ቦታ በጣታቸው ሲይዙ «አገኘሁህ አንተ ሌባ!» ይላሉ። ደንበኛው ይስቃል፤ እሳቸው ግን የምራቸውን ነው።

ከጎማ ቀጥሎ የሚወዱት ነገር ቢኖር የሰፈሩ እድር ነው። ሰብሳቢው አቶ ተካ የልጅነት ጓደኛቸው ናቸው፤ ጋሽ ገበያው ደግሞ ራሳቸውን በራሳቸው የሾሙ ተቃዋሚ። የመጀመሪያው አግዳሚ ወንበር ላይ፣ ልክ ከሰብሳቢው ፊት ለፊት ተቀምጠው ስለ ድንኳኑም፣ ስለ ድስቱም፣ ስለ ጥሩምባ ነፊውም ሳይቃወሙ የዋሉበት ስብሰባ የለም። ተካም ይመልሱላቸዋል። አባላቱም ቢሆኑ የቀሪ ቅጣቱን ፈርተው ብቻ ሳይሆን የሁለቱን ሙግት ለመስማት ነበር የሚመጡት።

ታዲያ ሚሌኒየሙ በተከበረ ማግስት ጋሽ ገበያው የፕሮስቴት ኦፕራሲዮን ሆኑ። ሰፈሩ በሙሉ ብርቱካንና ሙዝ ይዞ ጠየቃቸው፣ እግዚአብሔር ይማርዎ አላቸው፣ እሳቸውም ድነው ተነሱ። እዚህ ድረስ ያለውን ሁሉም ያውቃል። ማንም የማያውቀው ከዚያ በኋላ የመጣውን ነው። ሽንታቸው አልቋጠር አለ። ሲያስነጥሳቸው ጠብ፣ ሲስቁ ጠብ፣ ጎማ ሲያነሱማ አይጣል ነው። ሐኪሙ «ቀስ በቀስ ይሻሻላል፤ እስከዚያው የአዋቂ ዳይፐር ይጠቀሙ» አላቸው። ጋሽ ገበያው ዳይፐር የሚባለውን ነገር የሚያውቁት በልጅ ልጃቸው ነበርና ሐኪሙ የቀለደባቸው መስሏቸው ለጥቂት ጊዜ አኮረፉት።

ችግር በቅቤ ያስበላል እንዲሉ፣ ውሎ አድሮ መግዛታቸው አልቀረም። የሚያውቃቸው እንዳይኖር ብለው በታክሲ እስከ ሜክሲኮ አደባባይ ሄደው አንድ መድኃኒት ቤት ገቡ።

«ለማን ነው?» አለች ሻጯ።

«ለእናቴ» አሉ። እናታቸው ነፍሳቸውን ይማርና በደርግ ጊዜ ነው ያረፉት።

«ወገባቸው ምን ያህላል?»

«ትልቁን ስጪኝ የኔ ልጅ። ሰፊ ነገር መቼ ጎድቶ ያውቃል!»

በሳቸው ቤት የልጅ ጫማ ሁልጊዜ ሰፋ ተደርጎ ነው የሚገዛው፤ ጣቱ ላይ ጥጥ ይጠቀጠቅበትና ያድግበታል ይባላል። ጋሽ ገበያው ዳይፐር ውስጥ የሚያድጉበት ነገር እንደሌለ አላሰቡትም።

ሰፊው ነገር ግን ጎዳቸው። ወገባቸው ላይ አልቆም እያለ ይንሸራተታል፣ ጭናቸው ሥር ይጨማደዳል፣ በጨማዳዳው በኩል ደግሞ ያፈሳል። እንዳያፈስ ብለው ከላዩ ፌስታል አሰሩበት። ፌስታሉ ያልባቸው ጀመር። ላቡን እንዲመጥ ብለው ቦሮታልኮ ዱቄት ሞጀሩበት። ሱሪያቸው ውስጥ ሲንኮሻኮሽ የሰማ ሁሉ የሚያውቅባቸው ስለሚመስላቸው በሰው አጠገብ ሲያልፉ ያስሉ ነበር፤ ሲያስሉ ደግሞ ጠብ ይላል። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይህ ነው። በሳምንቱ ብሽሽታቸው ቲማቲም መሰለ፤ ያሳክካል፣ ያቃጥላል፣ ቆዳው ይላጣል። እግራቸውን ከፈት ሳያደርጉ መራመድ አቃታቸው።

እንግዲህ እንዲህ ሆኖ ማን እድር ስብሰባ ይሄዳል? ግማሽ ቀን ደረቅ አግዳሚ ላይ ተቀምጦ፣ ያውም ከፊት፣ ያውም ሁሉ ሰው እያየው! ጋሽ ገበያው ቀሩ። በተከታዩም ወር ቀሩ፤ መዋጮውንና የቅጣቱን ገንዘብ በባለቤታቸው በእትዬ ሙሉነሽ እጅ ላኩ። ዝም አይነቅዝም ብለው ነው።

ዝምታቸው ባይነቅዝም በሰፈሩ አፍ ቡቃያ አወጣ። ሰውየው ታመው ነው እንዳይባል ሱቃቸው ደጃፍ ቆመው ይታያሉ። አገር ለቀው ሄደው ነው እንዳይባል ቅጣት ይከፍላሉ። ቅጣት ከፍሎ የሚቀር ሰው ደግሞ ያኮረፈ ሰው ነው፤ ሌላ ትርጉም የለውም። ይሄኔ አንዱ የመጨረሻውን ስብሰባ አስታወሰ። ለካ ከኦፕራሲዮኑ በፊት በነበረው ስብሰባ ጋሽ ገበያው ስለ ድንኳኑ ሸራ ለሦስተኛ ጊዜ ሲነሱ አቶ ተካ «ገበያው፣ ይቺን ነገር ስንቴ ትነፋታለህ? ቁጭ በል!» ብለዋቸው አዳራሹ በሳቅ ፈርሶ ነበር።

«አካሄዱንስ አላያችሁም?» አሉ አቶ ጋዲሳ የሚባሉት ሽማግሌ። «ደረቱን ነፍቶ፣ እግሩን አንፈራጦ! ድሮ እንዲህ ነበር የሚሄደው? በጣም ተቀይሟል።»

አቶ ተካ ይህን ሲሰሙ እህል አልበላ አላቸው። የሞኝ ቀልዳቸው የስንት ዘመን ጓደኛቸውን እንዳሳጣቸው አመኑ። በመጨረሻ የእድሩ ጥሩምባ ነፊ የጋሽ ገበያውን በር አንኳኩቶ መልእክቱን አደረሰ፤ በመጪው እሁድ ሳይሆን በሚቀጥለው ሽማግሎች ለዕርቅ ይመጣሉ።

ጋሽ ገበያው ደነገጡ። ሽምግልና የቅዳሴ ያህል እንደሚረዝም ያውቃሉ። ያን ሁሉ ሰዓት ቤታቸው ውስጥ በእንግዳ ፊት ሊቀመጡ ነው፤ መሸሻ የላቸው፣ ማምለጫ የላቸው።

«አሁንስ በዛ!» አሉ እትዬ ሙሉነሽ። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ሲባል አልሰማህም? ሰብሪናን እጠራታለሁ።»

«ከጠራሻት ከዚህ ቤት እወጣለሁ!»

«በየትኛው እግርህ?» አሉና ነጠላቸውን አንስተው ወጡ።

ሰብሪና የጎረቤታቸው የመሐመድአሚን ልጅ ናት። ጤና ጣቢያ ነርስ ሆና ተቀጥራለች፤ ጋሽ ገበያው የብስክሌቷን ጎማ በነጻ እየለጠፉ ያሳደጓት ልጅ። ስትገባ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩ።

«ጋሼ፣ እርስዎን አሳዩኝ አላልኩም፤ በቃ ዳይፐሩን ብቻ ያሳዩኝ» አለች። አንዱን አልጋው ላይ ዘረጋችና አፏን በእጇ ያዘች። «ይሄ እኮ ማለቴ... እርስዎንና አባዬን አንድ ላይ ይችላል!»

ሜትሩን ለእትዬ ሙሉነሽ ሰጥታ ራሷ ከመጋረጃው ወዲያ ቆመች። ወገባቸው ተለካ፣ ዳሌያቸው ተለካ፤ ከሁለቱ የበለጠው ነው የሚያዘው አለች።

«ሚዲየም ነዎት ጋሼ።»

«ማን ነው ሚዲየም?» ጋሽ ገበያው ከመጋረጃው ኋላ ጮኹ። «ይሄን ደረት ይዤ?»

«በደረትዎ አይደል የሚያስሩት!»

እትዬ ሙሉነሽ ሳቃቸውን መያዝ አልቻሉም። ሰብሪና ግን ቁም ነገሯን ቀጠለች። «ሰፊው ጭንዎ ጋ ይታጠፋል። የታጠፈው ቆዳዎን ይፈትጋል፣ በክፍተቱ ደግሞ ያፈሳል። ልክዎን ቢያደርጉ ፌስታሉም አያስፈልግም። ፌስታሉማ አፍኖ እየቀቀለዎት ነው።»

ይህ ጋሽ ገበያው ራሳቸው ለስንቱ ሠራተኛቸው ሲነግሩ የኖሩት ነገር ነው። አየር የሚይዘው የውስጡ ከመነዳሪ ከጎማው ከሰፋ ይታጠፋል፤ የታጠፈ ይፋቃል፣ የተፋቀ ይበሳል። በሰው ጎማ ላይ ይህን ያህል የሚያውቁትን ሰው በራሳቸው ላይ ምን እንዳሳወራቸው ገረማቸው። ሀፍረት ነዋ! ሌላ ምን ሊሆን።

«ቦሮታልኮውስ ምን አደረገ?» አሉ፣ በዚህኛው እንኳ ለማሸነፍ። «ከመነዳሪው እንዳይፋቅ ጎማው ውስጥ የምንነሰንሰው እሱኑ አይደል?»

«ጎማው ውስጥ ሽንት የለማ ጋሼ! ዱቄቱ ሲረጥብ ይቦካና ይጋገራል፤ እሱ ነው እንደ አሸዋ የሚፍቅዎት።»

በዚህ ተሸነፉ። ሰብሪናም አንድ በአንድ ነገረቻቸው። እርጥብ ሲሆን እስኪሞላ ሳይጠብቁ ቶሎ መቀየር። ለብ ባለ ውሃ መታጠብ፣ በለስላሳ ጨርቅ ጠብ ጠብ አድርጎ ማድረቅ እንጂ አለመፈተግ። ቤት ሲሆኑ ትንሽ ነፋስ እንዲነካው ትቶ መቀመጥ፣ ከዚያ ዚንክ ያለበትን ቅባት ስስ አድርጎ መቀባት። ሲያስሩ ደግሞ የታችኛውን ማጣበቂያ ወደ ላይ፣ የላይኛውን ወደ ታች ዘንበል አድርጎ መለጠፍ፤ በጭን በኩል ያለውን ሽብሽብ ጠርዝ በጣት ወደ ውጭ ማውጣት፤ ወገቡ ላይ ሁለት ጣት የሚያስገባ ያህል መተው። ወንድ ሲያስር የሚጠነቀቅበትን አንድ ነገር በእትዬ ሙሉነሽ ጆሮ ሹክ አለቻቸውና ሁለቱም አፍረው ወደ መስኮቱ አዩ።

«መቅላቱ በሳምንት ካልቀነሰ፣ ወይም ዙሪያውን ትንንሽ ነጠብጣብ ካወጣ ግን ፈንገስ ሊሆን ይችላል። ያኔ ጤና ጣቢያ ይመጣሉ፤ ሜክሲኮ ድረስ አይሄዱም» አለች ስትወጣ።

የሽምግልናው እሁድ ሲደርስ ጋሽ ገበያው ሌላ ሰው ሆነዋል። ቁስሉ ሽሯል፣ እግራቸው ገጥሟል፣ ሚዲየሙ ልክ እንደ ቆዳቸው ተቀምጧል፤ ሱሪያቸው ውስጥ የሚንኮሻኮሽ ነገር የለም። ሶፋቸው ላይ ተደላድለው ሲቀመጡ ዕቅዳቸው ቀላል ነበር። ሽማግሎቹ ይቅር በል ይላሉ፣ ትንሽ ከተግደረደሩ በኋላ ይቅር ብያለሁ ይላሉ፣ ነገሩ ያልቃል። ምስጢራቸውም እንደታሰረ ይቀራል።

ሽማግሎቹ አቶ ጋዲሳና አቶ አጽብሃ ገብተው ተቀመጡ። ቀጥሎ አቶ ተካ ገቡ። ጎንበስ ብለዋል፤ ማጅራታቸው ላይ ከሰፈሩ የመንገድ ሥራ ያነሱትን ትልቅ ጥርብ ድንጋይ ተሸክመዋል። ለዕርቅ ድንጋይ መሸከም የአገር ቤት ወግ ነው፤ በካዛንቺስ እንኳን ሊደረግ፣ ሲወራም እምብዛም አይሰማ። ተካ ግን ከበሩ ገብተው በጉልበታቸው ወደቁ።

«በሰው ፊት አሳፍሬሃለሁ ገበያው። ምላሴ ቀድሞኝ ነው። ይቅር ለእግዚአብሔር በለኝ።»

ጋሽ ገበያው አፋቸውን ከፈቱ። ይቅር ብያለሁ ማለት ብቻ ነው የቀራቸው። ዝቅ ብለው ጓደኛቸውን አዩ። አንገታቸው ላይ ያለው ሥር ተገትሯል፤ ከሳ ብለዋልም። እኒህ ሰው ያልሠሩትን ኃጢአት ነው የተሸከሙት፣ ብለው አሰቡ።

«አውርደው!» ብለው ጮኹ። «አውርደው ተካ! አንተ ምንም አልበደልከኝም። ሽንቴን መቋጠር አቅቶኝ ነው የቀረሁት። ከኦፕራሲዮኑ ወዲህ ዳይፐር ነው የማስረው። እንደዚያ የምራመደውም ኮርቼ ሳይሆን ብሽሽቴ ተልጦ ነው። ይኸው፣ አሁንም አስሬያለሁ!»

አቶ ጋዲሳ ጣሪያውን ያዩ ጀመር። አቶ ተካ ድንጋዩን ቀስ አድርገው ወለሉ ላይ አስቀመጡና ቀና አሉ። ፊታቸው ላይ ቁጣ ነበር።

«ስንት ሌሊት ነው እንቅልፍ ያጣሁት! ጓደኛዬን በአፌ አጣሁት ብዬ አልቅሻለሁ። አንተ ሽንታም ከምትባል እኔ በዳይ ልባል? እንዲህ ነው የፈረድከው?»

ጋሽ ገበያው ያልጠበቁት ጥያቄ ነበር። ለራሳቸው ሲያፍሩ ተካን አንድም ቀን አላሰቧቸውም ነበርና አሁን ያፈሩት በዚያ ነው።

«አዎ፣ እንዲህ ነው የፈረድኩት» አሉ። «በደልኩህ ተካ። ሌላው ቢስቅ እችለዋለሁ፤ አንተ አዝነህልኝ ፊትህ ሲከፋ ማየት ነው የፈራሁት።»

አቶ አጽብሃ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «እንግዲህ በዳዩ ተገላበጠ። ድንጋዩን ለሱ ስጡት።»

«እኔ ከኦፕራሲዮን የተነሳሁ ሰው ነኝ፤ ከባድ አታንሳ ተብያለሁ!» አሉ ጋሽ ገበያው ወዲያው። መጀመሪያ ተካ ሳቁ፣ ከዚያ ሁሉም። ጋሽ ገበያውም እስኪያስላቸው ሳቁ፤ ጠብ ሳይል አልቀረም፣ ግን ማን አወቀ። ሁለቱ ጓደኛሞች ተቃቅፈው ተላቀሱ። ሽማግሎቹም ካሳውን ፈረዱ፤ ገበያው በሚመጣው ስብሰባ ቦታው ላይ ተቀምጦ እስከ መጨረሻው ይቃወም። የሰሙትንም ከበሩ ላያሳልፉ ማሉ።

የስብሰባው እሁድ ጋሽ ገበያው ከፊት አግዳሚ ላይ ሲቀመጡ አዳራሹ አጨበጨበ። ስብሰባው ሲጋመስ አቶ ተካ አጀንዳ ያልነበረ ነገር አነሱ። «ከዛሬ ጀምሮ ስብሰባችን መሃል ላይ እረፍት ይኖረዋል። አሁን እንውጣና እንመለስ።»

ጋሽ ገበያው ደማቸው ፈላ። ለኔ አዝኖ ነው፤ አሁን ሰው ሁሉ ለምን ብሎ ይጠይቃል፤ ብለው ለተቃውሞ ብድግ ሊሉ እጃቸውን አነሱ። ማንም አላያቸውም። አቶ ጋዲሳ ቀድመው በሩ ጋ ደርሰዋል። አቶ አጽብሃ ከዘራቸውን ረስተው እየሮጡ ነው። ከመሃል፣ ከጀርባ፣ ከጥግ ያሉት አዛውንቶች ሁሉ እየተገፋፉ ወጥተው ከአዳራሹ ኋላ ባለችው አንዲት ሽንት ቤት በር ላይ ተሰለፉ፤ አንዱ «ኧረ ቶሎ በል!» እያለ በሩን ይደበድባል። ስንት ዓመት ሙሉ ሽንታቸውን ቋጥረው እንደኖሩ ለካ ማንም ለማንም አልተናገረም።

አቶ ተካ ራሳቸው እየተጣደፉ ከጠረጴዛው ተነስተው ሲያልፉ፣ ጋሽ ገበያውን አግዳሚው ላይ ብቻቸውን ተቀምጠው አዩዋቸው።

«አንተ አትመጣም እንዴ ገበያው?»

ጋሽ ገበያው ወደ ኋላቸው ደገፍ አሉና እግራቸውን አጣመሩ። «እናንተ ሂዱ» አሉ። «እኔ ምን አስቸኮለኝ!»