ብሬድ የሚለው ቃልና የሃያት ፀጉር

ሥራ የጀመርኩ ቀን፣ ለቡ መብራት ኃይል ያለው የፀጉር ቤት ባለቤት እትዬ አስካለ ባለጭራ ሚዶና ቅባት ሰጡኝ። "ሥሩን አጥብቀሽ ያዥ። የላላ ሹሩባ በሳምንቱ ይፈታል፣ ደንበኛዋም አትመለስም" አሉኝ። አጥብቄ ያዝኩ። ስሜ ሙሉ ነው፤ በሁለተኛው ዓመት "ሙሉ የሠራችው ወር ይቆያል" ተባለልኝ። ኩራቴ ልክ አልነበረውም።

አንድ ነገር ግን ይከነክነኝ ነበር። መስኮታችን ላይ "ሹሩባ" ከሚለው ሥር በእንግሊዝኛ "ብሬድ" ተብሎ ተጽፏል። ቀኑን ሙሉ የምሠራውን ነገር ስም ትርጉሙን አለማወቅ ደስ አይልም። መካኒሳ አቦ እንግሊዝኛ የምታስተምር ደንበኛ ነበረችኝ፤ አንድ ቅዳሜ ተራዋን ስትጠብቅ ጠየቅኳት።

"ቲቸር፣ ይሄ ብሬድ የሚሉት ቃል ከየት የመጣ ነው?"

ስልኳን ከፍታ ስትፈልግ ቆየች። "የድሮ እንግሊዝኛ ነው። ድንገት መሳብ ማለት ነበር፣ ሰይፍ ለመምዘዝም ይሉት ነበር። እጅ ወዲያ ወዲህ ስለሚፈጥን መሰለኝ ለመጎንጎንም ያዋሉት" አለች።

"ሙሉዬ፣ ስሙን ያወጡት አንቺ ጋ ተሠርተው ነው!" አለች አንዷ። ቤቱ በሳቅ ተናጋ። እኔም ሳቅኩ።

እየሠራኋት የነበረችው ሃያት ግን አልሳቀችም። ሀና ማርያም ሱቅ ያላቸው ሰዎች ልጅ ናት፤ ያኔ አሥራ አራት ዓመቷ ነበር፣ ለዒድ ልትሠራ መጥታ ነው። አጎንብሼ ፊቷን አየሁ። ዓይኗ እንባ አቅርሯል። ጆሮ ግንዷ ላይ ነጫጭ ችፍ ችፍ ያለ ነገር ወጥቷል፤ የፀጉሯ ዳር ወደ ኋላ ሸሽቷል። ሁለት ዓመት ሙሉ የሠራኋት እኔ ነኝ። እኔ የማየው መስመሩ መቅናቱን ብቻ ነበር።

"ለምን አልነገርሽኝም?"

"እትዬ ሙሉ፣ ካላመመ አይቆይም ብለሽኝ የለ?"

አፈርኩ። የጎነጎንኩትን ሁሉ መፍታት ጀመርኩ።

"ሰው ተሰልፎ እያየሽ የተሠራ ታፈርሻለሽ?" ብለው እትዬ አስካለ ተቆጡ።

"ፀጉሯ እያለቀ ነው፣ ይዩት" አልኳቸው።

መጥተው አዩ። ወንበር ስበው ተቀመጡና በሌላው በኩል ይፈቱ ጀመር።

ሃያት ዛሬ ዩኒቨርሲቲ ገብታለች። በቀኝ በኩል ፀጉሯ ተመልሷል። የግራው አልተመለሰም፤ ሻሿን ወደዚያ ዝቅ አድርጋ ታስራለች።

አዲስ ለሚገቡት የምለው ይህንን ነው፦ የግንባርና የጆሮ ግንድ ፀጉር ላልቶ ይያዝ። ደንበኛዋ "አያመኝም" ብትልም ቆዳዋን እዩ።