የጋሽ ይማም ማስታጠቢያ

ዛሬ ጠዋት የመድኃኒት ዕቃዬ አልከፈት አለኝ። ክዳኑ ካልተጫኑት አይዞርም፤ የሚንቀጠቀጥ እጅ ደግሞ ከተጫነ አያዞርም፣ ካዞረ አይጫንም። የልጅ ልጄን ከእንቅልፏ ቀስቅሼ አስከፈትኳት። እኔ፣ በልጅነቴ ደሴን ጉድ ያሰኘሁ ሰው፣ በክዳን ተሸነፍኩ!

በደርግ ጊዜ ነው፤ ቧንቧ ውሃ ሰፈር። አጥር የሚለየን ጎረቤታችን ጋሽ ይማም ቀኝ እጃቸውን ከክርን በላይ ጦር ሜዳ ትተው ተመልሰዋል። ባለቤታቸው ሞተዋል፤ ልጃቸው ርቃ ቢስቲማ ከተማ ተድራለች። በግራ እጃቸው እንጨት ሳይቀር ይፈልጣሉ። ለሶላት የሚታጠቡት ውዱእ ግን አስቸገራቸው። ማንቆርቆሪያ የያዘ እጅ ራሱን አያጥብም፤ ከሳፋ መንከር ደግሞ ነፍሳቸው አይወድም። እኛ ክርስቲያን ብንሆንም እናቴ «ሂድ አስታጥብ፣ ምርቃቱ ላንተው ነው» ትለኝ ስለነበር ውሃ የማፈስላቸው እኔ ነበርኩ።

አንድ የብርድ ማለዳ እንቅልፍ ጣለኝ። ስወጣ ፀሐይ ወጥታለች። ጋሽ ይማም የሞላ ማንቆርቆሪያ ፊታቸው አስቀምጠው ደጃቸው ላይ ተቀምጠዋል። የሱብሂ ሶላት አልፏቸዋል።

«ምነው ቢቀሰቅሱኝ?»

«የሰው ልጅ በየቀኑ ከመኝታው አይጎተትም» አሉ፣ ወደ ጦሳ ተራራ እያዩ።

አንገበገበኝ። መምህር አላሳየኝም፣ መጽሐፍ አላየሁም። አጎቴ ከኮምቦልቻ ያመጣውን የዘይት ጀሪካን ከላይ በኩል በጋለ ሚስማር በስቼ ዘንግ አሳለፍኩበትና በሁለት የባሕር ዛፍ ምሰሶ መካከል ሰቀልኩት። አንገቱን በገመድ አስሬ ከታች ካለ ጣውላ ጋር አያያዝኩት። ጣውላው ሲረገጥ ጀሪካኑ ያዘነብላል፣ ውሃው ይወርዳል። ከዚያ ሰፈሩን ሁሉ ጠራሁ።

ጋሽ ይማም ቢስሚላህ ብለው ረገጡ። እጃቸውን ታጠቡ፣ ተጉመጠመጡ፣ ፊታቸውን ታጠቡ። እኔ ደረቴን ነፋሁ። እግራቸው ላይ ሲደርሱ ግን ቆሙ።

«አንተ መሐንዲስ! የታጠበው እግሬ መልሶ ይህን ጭቃ ጣውላህን ሊረግጥልህ ነው? ወይስ ለእግሬ ሌላ ልጅ ልፈልግ?»

ሰፈርተኛው በሳቅ ፈነዳ። ስንት ወር እግራቸውን ያስታጠብኩ ልጅ፣ እግር መታጠቡን ረሳሁት! እንባዬ ሲመጣ አይተው ጉማጅ ክንዳቸውን አነሱ።

«ና እስቲ። ይቺ ሥራ ፈት ተቀምጣለች። ለእሷ ሥራ ስጣት።»

ጣውላውን ጣልኩት። ገመዱን አሳጥሬ ጫፉን እንደ ቀለበት ቋጠርኩት። ክንዳቸውን አስገብተው ወደ ታች ሲስቡ ውሃው ወረደ። እግራቸውን እስከ ቁርጭምጭሚታቸው አጠቡ።

በማግስቱ ገና ሳይነጋ በአጥሩ ማዶ የውሃ ድምፅ ሰማሁ። ማንም አልጠራኝም። ተገላብጬ ተኛሁ፤ እንደዚያ ቀን የጣፈጠኝ እንቅልፍ የለም። ሳምንት ሳይሞላ እጇ ሊጥ የሆነ ጎረቤት በክርኗ፣ ልጅ የታቀፈች በትከሻዋ ትስበው ጀመር። ለአንድ ሰው የሠራሁት ለሰፈር ተረፈ።

ያን ጊዜ በሠሪውና በተጠቃሚው መካከል የነበረው አንድ አጥር ነው፤ ዛሬ ባሕር አለ። የዚህ ክዳን ሠሪ ከእኔ የበለጠ የተማረ ይሆናል። ግን «አንተ መሐንዲስ» ብሎ የሚቆጣው ጋሽ ይማም አልነበረውም። እኔ ነበረኝ።

ከሰዓት በኋላ መድኃኒቱን በክርን የሚገፋ መዝጊያ ወዳበጀሁለት ሣጥን አዛወርኩት። ነገ ልጅቷ ትተኛ።