ጠጅ የለመደው የቀለም ጋን

የአንድ ሰው ዕድሜ ቢጨመቅ ምን ይወጣዋል? ከእማማ ያሱኖ ዕድሜ የወጣው ሰማያዊ ቀለም ነው። የከተማችን የመጨረሻዋ ጨርቅ በቀለም ነካሪ ነበሩ፤ እጃቸው እስከ ክርናቸው ሰማያዊ ነበር። ቀለሙ ከቅጠል ተዘጋጅቶ በጋን ውስጥ እየተብላላ የሚኖር ሕያው ነገር ስለሆነ፣ ሲደክም የሩዝ ጠጅ ያጠጡት ነበር።

ባለቤታቸው አባባ ሺንሳኩ፣ «ለኔስ?» ሲሉ፣

«አንተን ደግሞ ምን አደከመህ? መጀመሪያ እንደሱ ሥራ» ይሏቸው ነበር።

እማማ ታመው ሕመሙ ሲጠናባቸው ጎረቤቱን ሰበሰቡ።

«እኔ ስተኛ ጋኑም ደክሟል። ለለቅሶዬ የሚመጣውን ጠጅ ለሱ አፍስሱልኝ፤ እንዳይሞትብኝ» አሉ።

ሁሉም እሺ አላቸው። በለቅሶው ቀን ግን የእማማ ቀልድ እየተነሣ ሳቁ ደራ፤ ለቀስተኛውም ለጋኑ ጠብታ ሳያስተርፍ ጠጅዋን ጨረሳት።