ዓሣውን የገለበጠው ነጋዴ

ድራይስዴል ከስኮትላንድ የወጣው በወጣትነቱ ነው። ካልካታ ነግዷል፣ ማኒላ ነግዷል፣ አሁን ደግሞ በቻይናው አሞይ ወደብ ሻይ ይነግዳል። ይህን ሁሉ አገር ሲዞር ግን ባሕርን እንደፈራ ነው። አንዴ መርከብ ሰጥሞበት ከተረፈ ወዲህ ሰማይ ሲጠቁር ከወደብ መውጣት ይጠላል። ለማንም አልተናገረም፤ ፈሪ ነጋዴ ከተባለ ማን ያምነዋል?

አንድ ቀን ወደ ፎርሞሳ ደሴት ሊሻገር ታን በሚባል ሽማግሌ ጀልባ ተሳፈረ። ሰማዩ ከሰል መስሏል።

“ምሳ እንብላና ሸራውን እንሰቅላለን” አለ ሽማግሌው ታን። ሚስቱ ዓሣ በሩዝ አቀረበች።

እዚያ አገር ጀልባ ላይ ሲበላ ዓሣ ወደ ሌላ ጎኑ አይገለበጥም፤ ዓሣውን የገለበጠ ጀልባዋን ገለበጠ ይባላል። ድራይስዴል ይህን ያውቃል። አውቆ ገለበጠው።

“ውይ ጌታዬ!” ብላ ጮኸች ሴትዮዋ። “ይህን ያህል ዘመን እኛ ጋ ኖረው ዓሣ መብላት እንኳ አልለመዱም?”

“ረሳሁት” አለ።

“በቃ፣ ዛሬ አንሄድም” አለ ታን። ጀልባዋን ከወደቡ ጋር በገመድ አጥብቆ አሰረና ድራይስዴል አጠገብ ቁጭ አለ። ከዚያ ሚስቱ እንዳትሰማ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ “እንኳን ገለበጡት ጌታዬ” አለው። “እኔም ከጠዋት ጀምሮ ልቤ ስትደልቅ ነበር፤ እርስዎን አፍሬ ነው ዝም ያልኩት።”