የዘነበች ቢጫ እጆች

ደስ ይበላችሁ፣ ቢጫው ለቀቀ! ሙልጭ ብሎ ለቀቀ! ደሙ ንጹሕ፣ ጉበቱ ደህና፣ የዓይኑ ነጭ እንደ ወተት! ምንም የለም ተብሏል፣ ምንም!

የማን የምሥራች ነው ለሚል፣ የሰላም ነው። ሰላም ማለት ወልቂጤ ውስጥ በቅርቡ የተወለደች፣ የቃለአብና የትርሲት የበኩር ልጅ ናት። ከሰላም ይልቅ ግን የምሥራቹ የአያቷ የዘነበች ነው፤ ስለዚህ ነገሩ ከዘነበች ይጀምራል።

ወልቂጤ ገበያ ውስጥ ዘነበችን የሚፈልግ ሰው መልኳን ማወቅ አያስፈልገውም። «ቢጫ እጅ ያላትን ሴትዮ እይ» ይሉታል፣ በቃ ያገኛታል። ከጉንችሬ ተድራ ከመጣች ጀምሮ ሥራዋ እርድ ነው። በጅማ መንገድ በጭነት መኪና የሚመጣውን እርጥቡን ሥር ትገዛለች፤ ታጥበዋለች፣ ትቀቅለዋለች፣ በስሱ ትከታትፈዋለች፣ ግቢዋ ውስጥ ሸራ ዘርግታ ታሰጣዋለች። ሲደርቅ ሀቢቡ ወፍጮ ቤት ወስዳ ታስፈጨዋለች። የተፈጨ ግዢ ቢሏት ሞቷን ነው። «ማን ምን እንደጨመረበት በምን አውቃለሁ?» ትላለች።

ታዲያ ከዚህ ሁሉ መነካካት እጇ፣ በተለይ የመዳፏ ስንጥቅና የጥፍሮቿ ዙሪያ፣ ክረምት ከበጋ ቢጫ ነው። ሳሙና ሞክራለች፣ ሎሚ ሞክራለች፣ በረኪናም ሞክራለች፤ ኋላ ተወችው። ሀቢቡ የማስፈጫውን ብር ስትሰጠው ወደ አፍንጫው አስጠግቶ ያሸትና «ወላሂ ዘነቡ፣ እንጀራ ብቻ ነው የጎደለኝ!» ይላታል። ባሏ ታምሩ አናጢው ደግሞ «እኔን ሚስቴ ስትቆጣኝ ሸሚዜ ላይ ማኅተም ይቀራል» ብሎ ሰው ያስቃል።

እርዱን ለሚገዛት ሁሉ ምክሩን ትመርቃለች። አዲስ ሙሽራ ለአልጫ ብላ ከመጣችማ አትለቃትም።

«ስሚኝ ልጄ፣ ሽንኩርቱ ሳይበስል እንዳትጨምሪው። ቅቤውን አስቀድሚ። እርድ ቅቤ ሲያገኝ ነው ቀለሙን የሚሰጥሽ፤ ውሃ ላይ ብትበትኚው ከታች ተኝቶ ይቀራል። ደግሞ በጣትሽ ጫፍ! ወጥ ልትሠሪ ነው ወይስ ግድግዳ ልትቀቢ?»

ጉንፋን ይዞት ለሚያስለው ሰው ትኩስ ወተት ውስጥ ቆንጠር አድርጎ ከማር ጋር እንዲጠጣ ትነግራለች። ታምሩን መጋዝ ሲጭረው ቁስሉን አጥባ እርድ ትነሰንስበታለች። ግን ሐኪም ነኝ ብላ አታውቅም። ትኩሳት ያለበት ሰው ከመጣ «እኔ እርድ ሻጭ ነኝ፤ ሐኪሙ ያውልህ ማዶ» ብላ ትሸኘዋለች።

እንግዲህ ትርሲት የቡታጅራ ልጅ ናት፤ የመጀመሪያዋን እናቷ ዘንድ ሄዳ ልትወልድ ነበር ሐሳቡ። ግን እናቷ እግራቸውን ተሰብረው ተኙ። ዘነበች ለጎረቤቱ ሁሉ «ምስኪን፣ እንዴት ያሳዝናሉ» እያለች ከንፈሯን መጠጠች፤ ጓዳ ገብታ ግን ብቻዋን አጨበጨበች። ምራቷ እሷ ቤት ልትታረስ ነዋ!

ገንፎውም በእሷ፣ አጥሚቱም በእሷ ሆነ። አንድ ሥራ ግን ለማንም አታስነካም ነበር። ጠዋት ጠዋት ሰላምን ለብ ባለ ውሃ ታጥባትና ከጉንችሬ የተላከውን ለጋ ቅቤ መዳፏ ላይ አቅልጣ፣ ከግንባሯ እስከ ተረከዟ ቀስ እያለች ታሻታለች። እያሸች በጉራጊኛ ታንጎራጉርላታለች፤ ሰላምም ዓይኗን ጨፍና፣ አፏን ከፍታ፣ እንደ ትልቅ ሰው ትንጠራራለች።

አንድ ጠዋት ትርሲት ልጇን ይዛ ወደ መስኮቱ ተጠጋችና አገላብጣ አየቻት።

«እማ፣ ልጅቷ ቢጫ አልሆነችብሽም?»

ዘነበች ቀና ብላ አየች። ግንባሯ ቢጫ፣ ጉንጯ ቢጫ፣ የአንገቷ እጥፋት ከሁሉ የባሰ ቢጫ!

«ፀሐዩ ነው» አለች፤ ድምፅዋ ግን ራሷንም አላሳመናት።

ዘነበች ስትጨነቅ እጇ አርፎ አይቀመጥም። ማታም ደግማ አሸቻት፤ ቅቤውንም በዛ አድርጋ። በማግስቱ ሰላም ሙዝ መስላ አደረች። ትርሲት ስልኩን አንሥታ ለእናቷ ስትደውል የእናቲቱ ድምፅ ከቡታጅራ ቤቱን ሞላው።

«የወፍ በሽታ ነው! ተነሥተሽ ነይ ወደ እኔ፤ እግሬ ቢሰበር እጄ አልተሰበረ!»

ትርሲት ሻንጣ ማሰር ጀመረች። «መጀመሪያ ሐኪም ቤት፣ ከዚያ በቀጥታ ቡታጅራ» አለች፣ ዘነበችን ሳታያት። አንዲት ጎረቤት ደግሞ ብቅ ብላ «አንቺ የእርድ ሰው አይደለሽ? ጠብ አታደርጊላትም?» ብትላት፣ ዘነበች «ለአራስ ልጅ? እጄን ይቁረጠው!» ብላ ጮኸችባት። ልጅቷ ትሞትብኝ ይሆን? ብትድንስ ደግመው ያሳቅፉኝ ይሆን? ሁለቱ ጥያቄዎች ደረቷ ላይ ተቀምጠው ልጇ ቃለአብ ባመጣው ባጃጅ ውስጥ አብራቸው ገባች።

ሐኪም ቤት ነርሷ ሰላምን ገልጣ፣ የዓይኗን ቆብ ከፈት አድርጋ አየች። «ዓይኗ እኮ ነጭ ነው» አለች፤ ገረማት። ለማንኛውም ብላ ደም ልትወስድ ተረከዟን በአልኮል ጥጥ ጠረገችው። ጥጡ ቢጫ ሆኖ ተነሣ።

ነርሷ ጥጡን አየችው፤ አሸተተችው።

«ይሄ ነገር አልጫ አልጫ ይሸታል። ልጅቷን ማነው የሚያሻት?»

ቃለአብ ወደ እናቱ ዞረ። ዘነበች ሁለቱንም እጆቿን ነጠላዋ ውስጥ ቀብራለች።

«እማ፣ እስኪ እጅሽን አውጪ።»

«ምን ያደርግልሃል የኔ እጅ?»

«አውጪ እንጂ!»

አወጣችው። ነርሷ ሳቋን መያዝ አቅቷት ወደ ግድግዳው ዞረች። ዘነበች ግን ጥጡን ስታይ ገና ገብቷት ነበር። ለሙሽራ ሁሉ ስትመክረው የኖረችው ነገር፣ ለራሷ ሲሆን ጠፋባት! በውሃና በሳሙና አልለቅም ያለው ቢጫ፣ ለጋው ቅቤ መዳፏ ላይ ሲቀልጥ ከየስንጥቁ እየተነሣ ልጅቷ ላይ ኖሯል የሚሄደው። በተጨነቀች ቁጥር ደግሞ ጨምራ ቀባቻት።

የደሙም ውጤት ደረሰ፤ ደህና ናት። ነርሷ ማሸቱ እንዲቆይ፣ እትብቷን ምንም ነገር እንዳይነካው ነግራ «የሚይዛት ሰው ደግሞ እጁ ንጹሕ ይሁን» አለች። ዘነበች ከዚህ ሁሉ የሰማችው የመጨረሻውን ብቻ ነው።

ሲመለሱ ልስማት አላለችም፣ ላቅፋት አላለችም። ባጃጁ መናኸሪያው ጋ ሲደርስ ራሷ ቀደመች።

«ሂጂ ልጄ፣ እናትሽ ጋ ሂጂ። የእሳቸው እጅ ነጭ ነው።»

ትርሲት ሻንጣዋን አየች፣ መናኸሪያውን አየች።

«እጇስ ነጭ ነው፣ እማ። ገንፎዋ ግን ይጓጉላል፤ አልናገርም ብዬ ነው እንጂ!» አለችና ወደ ፊት ዘንበል ብላ ሹፌሩን «ወንድሜ፣ ወደ ቤት ንዳው» አለችው።

ቤት ሲደርሱ አራሷ ተቀመጠች፤ አማቷንም ፊት ለፊቷ አስቀመጠቻት። የሰላምን ለጋ ቅቤ አመጣችና የዘነበችን እጅ ጭኗ ላይ አድርጋ ማሸት ጀመረች። ጣት በጣት፣ ስንጥቅ በስንጥቅ፤ አሽታ በጨርቅ ትጠርጋለች፣ በሙቅ ውሃና በሳሙና ታጥባለች፣ እንደገና ቅቤ ትቀባለች። ጨርቁ ቢጫ፣ ውሃው ቢጫ! ዘነበች መጀመሪያ «ተይ፣ ነውር ነው፣ አራስ አይደለሽ?» ስትል ነበር፤ በኋላ ዓይኗን ጨፍና እንደ ሰላም ተንጠራራች።

ቢጫው ሲለቅ ከሥሩ የወጣውን እጅ ዘነበች እያገላበጠች አየችው።

«የማን እጅ ነው ይሄ? ገበያ ማን ያውቀኛል አሁን?»

«ይቺ ታውቅሻለች» አለች ትርሲት፤ ሰላምን አንሥታ መዳፏ ላይ አስቀመጠችላት።

እርዱስ? እርዱንማ አራሷ እስክትወጣ ታምሩ ነው የሚከትፈው። ዛሬ ጠዋት የልጅ ልጁን ሊያቅፍ እጁን ዘርግቶ ሲመጣ ዘነበች ነጭ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ በር ላይ ቆመችበት። «ወዴት ነው? እጅህን እስኪ አሳየኝ!»

ይሄን ሁሉ ሀቢቡ ገና አልሰማም! ወፍጮውን አጥፍቶ ሳይወጣ ልድረስበት፤ ደህና ሁኑ!