ሳንጣላ የተኳረፍነው

የረጠበ ባና ሲሸተኝ ዛሬም ፊቴ ይግላል። የበግ ጠጉሩ ሽታ በዝናብ ሲነሳ፣ ሽማግሌዎቹ አባቴ ደጅ ላይ የቆሙበት የክረምት ማለዳ ይመጣብኛል።

መሐል ሜዳ ከተማ፣ አንድ መሥሪያ ቤት በጽዳት የተቀጠርኩ ሰሞን ነበር። ደስታዬ አልበረከተም። ቤታችን የሚያድረው በሴፍቲኔት ስንዴ ነው፤ አባቴ ተራራው ላይ እርከን ይሠራል፣ እናቴ ድንጋይ ታቀብላለች። ደመወዝተኛ ያለበት ቤት ግን ከስንዴው ይወጣል። ደመወዜ ከቤት ኪራይና ከሆዴ እንደማይተርፍ ማን ይጠይቃል! በቀበሌው ስብሰባ አንድ ጎረቤት ተነስቶ፣ "የሱ ልጅ ተቀጥራለች" አለ። አባቴ ውሸት አያውቅበትም፤ ያን ቀን ግን ብድግ አለና፣ "ተጣልተናል፤ ከቤቴ ወጥታለች። ዓይኗንም አላይ" አለ። እናቴ፣ "ለጊዜው ነው ልጄ፣ አትምጪ" ብላ ላከችብኝ።

አገሩ መንዝ መሆኑን ረስተነው ነበር። አባትና ልጅ ተኳርፈው ሽማግሌ ዝም ሊል? የንስሐ አባታችንን አስቀድመው መጡ። እኔንም አስጠርተው፣ ድንጋይ በጫንቃዬ አሸክመው፣ አባቴ እግር ሥር አንበረከኩኝ።

"አጥፍቻለሁ፤ ማረኝ አባዬ" አልኩ፣ ያላጠፋሁትን።

"ይቅር ለእግዚአብሔር በላት እንጂ!" አሉት የንስሐ አባታችን።

ቢለኝ ወደ ቤቱ ገባሁ ማለት ነው፤ ታናናሾቼ ስንዴውን ያጣሉ። አንገቱን ደፍቶ፣ "አልችልም አባቴ" አላቸው። ድንጋዩን ያነሱልኝ ጎረቤቶች ናቸው። አባቴ እጁን ከባናው ውስጥ አላወጣም። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ከራሴ ይልቅ ለሱ አፈርኩ።

ያልታረቀ አይቆርብም። ከእናቴ ጋር በቁርባን የኖረው ሰው፣ ከዚያ ወዲያ ከቅጥሩ ውጭ ቆሞ ያስቀድስ ጀመር። በገበያ ቀን መሐል ሜዳ ስንገናኝ፣ ሰው እንዳያየን እየፈራን በሩቁ እንተያያለን። አንድ ጊዜ ብቻ በዓይኑ ሳቀልኝ።

አገሬ የገባሁት ሲሞት ነው። አስለቃሿ እንዳየችኝ፣ ልጁ አስቀይማው በቂም ስለሄደ አባት ሙሾ ታወርድ ጀመር። ሴቶቹ ጀርባቸውን ሰጡኝ። "አልተጣላንም! አባቴ ይወደኝ ነበር!" ብዬ ልጮህ ተነሳሁ። እናቴ ትንሹን ወንድሜን አቅፋ ቀና ብላ አየችኝ። ስንዴው ገና አልተቋረጠም ነበር።

"ምነው አባዬ፣ ሳትምረኝ!" እያልኩ ደረቴን መታሁ።